ቤትና ደጅ፤ የጉለሌ መታደስ ለማን ነው?

ሰው ቤት የሚሠራው ከዝናብና ከብርድ ለመጠለል ብቻ ቢሆን ኖሮ ዋሻ በበቃው ነበር። ቤትን ከዋሻ የሚለየው በሩ ነው። በሩ ሲዘጋ ሰው ከቤተሰቡ ጋር ለብቻው ይሆናል፤ ሲከፈት ደግሞ ከጎረቤቱ፣ ከመንገዱ፣ ከገበያውና ከአደባባዩ ጋር ይገናኛል። ከበሩ ወዲያ ያለውን ይህን ስፍራ አማርኛ «ደጅ» ይለዋል። ቃሉ ብዙ ታሪክ የተሸከመ ነው። የቤተ መንግሥት ደጅ ነበር፤ ጉዳይ ያለው ሰው ወራትና ዓመታት ይጠናው ነበር። የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አለ፤ የደከመውና የተራበው ሁሉ ይጠጋበታል። የራሱ ደጅ ያለው ሰው እንግዳውን ይቀበልበታል፣ እህሉን ያሰጣበታል፣ ልጁን ያጫውትበታል፣ ሲያረጅ ፀሐይ ይሞቅበታል። የራሱ ደጅ የሌለው ግን ዕድሜውን በሰው ደጅ ይጨርሳል።

ከተማ እየሰፋ፣ ሕዝብ እየበዛ፣ ቦታ እየጠበበ በሄደ ቁጥር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ የግል ግቢ መስጠት የማይቻል ይሆናል። ያን ጊዜ ግቢ የሌላቸው ሰዎች ሁሉ የጋራ ደጅ ያስፈልጋቸዋል፤ ይኸውም የሕዝብ መናፈሻ ነው። ስለሆነም ድኻ በአቅሙ የሚከፍለው ቤትና ሁሉም የሚገባበት መናፈሻ የሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ሥራዎች መስለው ቢታዩም በመሠረቱ የአንድ ጥያቄ ሁለት ገጾች ናቸው። ጥያቄውም ይህ ነው፤ አንድ የተጎሳቆለ ሰፈር ሲታደስ የሚታደሰው ምንድን ነው? መሬቱ ነው ወይስ በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው? ይህን ጥያቄ ከጉለሌ ይበልጥ አጥርቶ የሚያሳይ አካባቢ በአዲስ አበባ ውስጥ ማግኘት ያዳግታል።

የተራራው ግርጌ

ጉለሌ በከተማይቱ ሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ግርጌ የተዘረጋ ነው። ስሙን የወረሰው አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት በዚያ ይኖር ከነበረው የኦሮሞ ጎሣ ነው። የዳግማዊ ምኒልክና የእቴጌ ጣይቱ ከተማ በ1879 ዓ.ም. ከእንጦጦ አናት ወደ ፍል ውሃው ሜዳ ሲወርድ ጉለሌ በአሮጌው ከተማና በአዲሱ መካከል መተላለፊያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ አንድ ነገር ጥሎበት አለፈ። ሽሮ ሜዳ፣ ቀጨኔ፣ አዲሱ ገበያ፣ ሩፋኤል፣ ፓስተር፣ ቁስቋም የሚባሉት ሰፈሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ታሪክ አላቸው።

ከእነዚህ መካከል ሁለቱ ለዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ዋና ምስክሮች ናቸው። ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ከጋሞ ደጋ የመጡ ዶርዜዎች ሰፍረውበት በአገሪቱ የታወቀውን የሀገር ልብስ ገበያ አቁመዋል። ቀጨኔ ደግሞ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው፤ የአዲስ አበባ ቤት ሁሉ ቡና ያፈላበት ጀበና፣ እንጀራ የጋገረበት ምጣድ፣ ወጥ የሠራበት ድስት በብዛት ከቀጨኔ ሴቶች እጅ የወጣ ነው። ሀገሪቱ በዓል ስታከብር የምትለብሰውና እንግዳ ስትቀበል የምታቀርበው በእነዚህ ሁለት ሰፈሮች ተሠርቶ ሳለ፣ ሠሪዎቹ ለረጅም ዘመን «ሸማኔ»፣ «ጠይብ»፣ ከዚያም አልፎ «ቡዳ» እየተባሉ ተሰድበዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሙያተኛን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ስለ ተረዱ ነው። አዋጅ ግን አፍን ይከለክላል እንጂ ዐይንን አይከለክልም። የተናቀ ሙያ ያለው ሰው የሚኖርበት ሰፈርም አብሮት ይናቃል፤ መንገዱ ሳይጠረግ፣ ውሃው ሳይገባ፣ ቦዩ ሳይቀደድ ይኖራል። የአንድን ሰፈር መጎሳቆል የገንዘብ እጥረት ብቻ አድርጎ መቁጠር ስለዚህ በቂ አይደለም። ብዙ ጊዜ ከድኽነቱ በስተጀርባ የቆየ የክብር ንፍገት አለ።

የኪራዩ መርከስና የጣራው ማርጀት

የቤቱን ጉዳይ ለመረዳት ወደ 1967 ዓ.ም. መለስ ማለት ያስፈልጋል። በዚያ ዓመት ሐምሌ 19 ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ አስቀድሞ አብዛኛው የአዲስ አበባ መሬት በጥቂት ባለርስቶች እጅ የነበረ ሲሆን፣ የከተማው ድኻ በየጓሮው በተሠሩ የጭቃ ቤቶች በጭሰኝነት ከሚቆጠር ኑሮ ብዙ ባልራቀ ኪራይ ይኖር ነበር። አዋጁ ኪራይ ቀነሰ፤ በወር ከ100 ብር በታች የሚከራዩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ድርጅት ተሰጡ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር ከዚህ ተወለደ።

ይህ አዋጅ ያመጣውን ጥቅም መካድ ፍርደ ገምድልነት ነው። በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ባለቤቱ ነገ ያስወጣኛል ከሚል ሥጋት ወጥተው በከተማው እምብርት ለመኖር የቻሉት በእርሱ ነው። ሀብታምና ድኻ በአንድ ሰፈር ጎን ለጎን የመኖር የአዲስ አበባ ልማድ ጸንቶ የቆየውም በከፊል በእርሱ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ ሌላው ገጽ ደግሞ አለ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ በመሆኑ ጣራ የሚቀየርበት፣ የጎበጠ ምሰሶ የሚቃናበት ገንዘብ ከየትም አልመጣም። ተከራዩ ቤቱ የራሱ ስላልሆነ በገንዘቡ ለማደስ አልደፈረም፤ ቢደፍርም ብዙ ጊዜ አልተፈቀደለትም። ቀበሌው ደግሞ አቅም አልነበረውም። እንዲህ ሆኖ የጭቃና የእንጨት ቤቶች በዓመታት ብዛት ወደ መሬት ሰመጡ፤ አንዱ መጸዳጃ ለብዙ ቤተሰብ ሆነ፤ ከእንጦጦ የሚወርደው የቀጨኔ ወንዝም የሰፈሩን ቆሻሻ ሁሉ ተሸክሞ ወደ ታችኛው ከተማ የሚወርድ ቦይ ሆነ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ቤትን ርካሽ ማድረግ ብቻውን ቤት መስጠት አይደለም። ርካሽነት ከእንክብካቤ ከተለየ የችግር ማቆያ ይሆናል። እንክብካቤም ባለቤትነትን ይጠይቃል፤ ባለቤትነት ማለት የግድ የግል ካርታ ማለት ሳይሆን «ይህ የእኔ ነው፤ ካበጀሁት ለእኔና ለልጆቼ ይቆያል» የሚል መተማመን ነው።

የሸማኔው ጉድጓድ በአራተኛ ፎቅ

ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በስፋት መገንባት ያዘ። ኮንዶሚኒየም የሚለው ቃል በአንድ ጊዜ ከእንግድነት ወደ ቤተኝነት ተሸጋግሮ የእያንዳንዱ ተከራይ ሕልም ሆነ። ከቤቶቹ ውስጥ 30 በመቶው ለሴቶች እንዲያዝ ተደረገ፤ በኋላም 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የተባሉ የቁጠባ መርሐ ግብሮች ተዘረጉ። በ2005 ዓ.ም. በተደረገው ምዝገባ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ስሙን ማስመዝገቡ የችግሩን ስፋት ያሳያል። ቤቱ በዕጣ መታደሉም አንድ ቁም ነገር ይናገራል፤ ሁሉም እኩል ይገባዋል፣ ነገር ግን ለሁሉም አይበቃም በተባለበት ስፍራ ዕጣ ከአድልዎ የተሻለ ዳኛ ነው።

ይሁንና ዕጣ የሰውን ኑሮ አያይም። ሸማኔው የሚሠራው ከመሬት በተቆፈረ ጉድጓድ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነው፤ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ አውርዶ መርገጫውን እያፈራረቀ ይረግጣል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ይልካል። ሸክላ ሠሪዋ አፈር ታቦካለች፣ ታበጃለች፣ በጥላ ታደርቃለች፣ ከዚያም በኩበት፣ በቅጠልና በእንጨት ትተኩሳለች። ለሁለቱም መኖሪያ ቤታቸው መሥሪያ ቤታቸው ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ጉድጓድ አይቆፈርም፤ በረንዳ ላይ ሸክላ አይተኮስም። ስለዚህ ለአንድ የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ዕድገት የሆነው ቤት ለቀጨኔዋ ሸክላ ሠሪ የሙያዋ መጨረሻ ሊሆን ይችላል። ይህ የፎቁ ጥፋት አይደለም፤ ቤት ለሁሉ አንድ ዓይነት ነው ብሎ የማሰብ ጥፋት ነው።

የቦታው ርቀትም ሌላ ጉዳይ ነው። ትልልቆቹ የጋራ መኖሪያ መንደሮች የተሠሩት ጀሞን፣ የካ አባዶንና ኮዬ ፈጬን በመሳሰሉ የከተማይቱ ዳርቻዎች ነው። ሸማኔ ከሽሮ ሜዳ ገበያ ተነሥቶ ወደ ኮዬ ፈጬ ቢሄድ ከከተማው አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ መሄዱ ነው። ከገበያው፣ ፈትል ከሚያቀርቡለት፣ ጥለት ከሚያዩለት፣ ጉድለቱን ከሚሞሉለት ሰዎች ይለያል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ ሸማኔ ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ድር ሲበጣጠስ ግን እያንዳንዱ ክር ምን ያህል ቀጭን እንደ ሆነም የሚያውቀው እርሱ ነው።

ይህን ስንል የእድሩ ነገር ሊረሳ አይገባም። የአዲስ አበባ ድኻ ባንክ፣ የመድን ድርጅትና የጡረታ ቢሮ ሳይኖረው መቶ ዓመት የኖረው በእድር፣ በእቁብና በማኅበር ነው። እነዚህ ተቋማት ግንብ የላቸውም፤ የቆሙት በሰው ለሰው መተዋወቅ ላይ ነው። ሰፈር ሲበተን ድንኳኑና ወንበሩ በመኪና ሊጫን ይችላል፤ መተዋወቁ ግን አይጫንም። ማን ታማኝ እንደ ሆነ፣ የማን ልጅ እንደ ታመመ፣ የትኛዋ አሮጊት ለብቻዋ እንደምትኖር የሚያውቅ ጎረቤት በአንድ ቀን አይተካም።

ተራራው የማን ነው?

አሁን ወደ ደጁ እንመለስ። የጉለሌ ትልቁ ደጅ የእንጦጦ ተራራ ነው። በምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የመጣው ባሕር ዛፍ ተራራውን ባይሸፍነው ኖሮ የአዲስ አበባ ዕጣ ሌላ በሆነ ነበር። የማገዶና የግንባታ እንጨት ከማለቁ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ነበርና። ፈጥኖ የሚያድገው ዛፍ ከተማውን ከቦታው ተከለው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ዛፉ ወደ ከተማው በራሱ እግር አልወረደም። ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የጉለሌ ሴቶች ከንጋት በፊት ወደ ተራራው ወጥተው፣ ቅጠልና ጭራሮ ለቅመው፣ ከ30 ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሸክም በጀርባቸው አዝለው ጎብጠው ወርደዋል። የከተማው እንጀራ የተጋገረው በዚያ እሳት ነው።

በቅርብ ዓመታት የተራራው መልክ ተለውጧል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ያቋቋሙት የጉለሌ እፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር መሬት ይዞ ባሕር ዛፉን በጥድ፣ በወይራ፣ በኮሶና በሌሎች ሀገር በቀል ዛፎች የመተካት ሥራ ተያይዟል። የካቲት 2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወንዝ ዳርቻ ለማልማት ያለመ ሲሆን፣ የእንጦጦ ፓርክም መስከረም 2013 ዓ.ም. ተመርቆ ተከፈተ። ለረጅም ጊዜ ሰው ለሸክም እንጂ ለዕረፍት የማይወጣበት ተራራ የእግር መንገድ፣ መቀመጫና ንጹሕ አየር የሚፈለግበት ስፍራ ሆነ። ይህ ለከተማው ትልቅ ጸጋ ነው። ከተራራው የሚወርዱት ቀጨኔና ቀበና መጨረሻቸው አቃቂ፣ ከዚያም አዋሽ ነው፤ ራስጌው ላይ የተተከለ ዛፍ የግርጌውን ሰው ከጎርፍ ይጠብቃል። የእንጦጦ ጥበቃ የጉለሌ ብቻ ሳይሆን የተፋሰሱ ሕዝብ ሁሉ ጉዳይ ነው።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ተራራው ሲከበር እንጨት የምትለቅመው ሴት መተዳደሪያዋን ታጣለች። ደኑ መጠበቅ የለበትም ማለት አይቻልም፤ ሸክሙም ቢሆን ይቅር የሚባል እንጂ ይቆይ የሚባል ሥራ አይደለም። ነገር ግን አንድን ከባድ ሸክም ከሰው ጀርባ ማውረድና ከነጉርሱ መውሰድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በከተማው አስተዳደር በኩል ለእነዚህ እናቶች ሌላ የሥራ ዕድል ለመፍጠር የታየው ጥረት ትክክለኛውን አቅጣጫ ያመለክታል። የጥረቱ መለኪያ ግን የምረቃው ዕለት ሳይሆን ከምረቃው በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው። ደግሞም መናፈሻ በአጥርና በቲኬት ብቻ አይዘጋም። በውስጡ አንድ ስኒ ሻይ የቀን ሠራተኛን የቀን ገቢ የሚፈጅ ከሆነ፣ ዘበኛው የተጫማውን አስገብቶ ባዶ እግሩን የመጣውን የሚጠይቅ ከሆነ፣ በሩ ወለል ብሎ ቢከፈትም ተዘግቷል።

ምጽዋት ወይስ ዕዳ?

ለድኻ ቤት መሥራት ምጽዋት ነው ወይስ ፍትሕ? መልሱ በአሠራሩ ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ምጽዋት ሰጪ የሚሰጠውን ራሱ ይመርጣል፤ ተቀባዩ አመስግኖ ይወስዳል። ዕዳ ከፋይ ግን ባለገንዘቡን «ምን ያህል? የትና መቼ?» ብሎ ይጠይቃል። ከተማው ከሽሮ ሜዳ የለበሰ፣ በቀጨኔ ጀበና የጠጣ፣ ከእንጦጦ በወረደ እንጨት የበሰለ ምግብ የበላ ከሆነ ለጉለሌ ያለበት ዕዳ እንጂ የሚሰጠው ምጽዋት አይደለም።

ይህ አስተያየት እውነትነት ቢኖረውም እስከ መጨረሻው አያደርስም። መብትን ሁሉ በላብ ብቻ የምንለካ ከሆነ ያልሠራው ሕፃን፣ መሥራት ያቆሙት አዛውንት፣ አካሉ የተጎዳው ሰው ከሂሳብ ይወጣሉ። እነርሱ ደግሞ ቤትና ደጅ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። ስለዚህ ከዕዳው በታች ሌላ መሠረት ሊኖር ይገባል፤ ይኸውም ሰው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚገባው ክብር ነው። የራስን ጥቅም ብቻ ለሚያሰላ ሰው እንኳ የ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ በቂ ትምህርት ትቷል። በሽታው ከድኻው ጎጆ ወደ መኳንንቱ አዳራሽ ለመግባት ፈቃድ አልጠየቀም። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየሰበሰቡ ማቃጠል ልማድ ሆኖ የቀረው የአንዱ ደጅ ካልጸዳ የሌላው ቤት እንደማይድን ሕዝቡ ስለ ተረዳ ነው።

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ምስክር

ይህ ጥያቄ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በኒው ዮርክ እጅግ የሚደነቀው ሴንትራል ፓርክ ሲሠራ በስፍራው ሴኔካ ቪሌጅ የምትባል መንደር ነበረች። አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ጥቁሮች ነበሩ፤ ከእነርሱም ብዙዎች የራሳቸውን መሬት ለመግዛት የበቁ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1857 ቤቶቹ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹና ትምህርት ቤቱ ፈርሰው ከ200 በላይ የሚሆኑት ነዋሪዎች ተበተኑ፤ መንደሯም ከመቶ ዓመት በላይ ከሕዝብ ትዝታ ጠፍታ ቆየች። ፓርኩ በእርግጥ የሕዝብ ሆኗል፤ የዚያ ሕዝብ ግን አልሆነም። ፍሬድሪክ ኤንግልስ እ.ኤ.አ. በ1872 ስለ ቤት ችግር ሲጽፍ፣ የከተማን መሀል አፍርሶ ማሳመር ጉስቁልናውን ወደ ሌላ ስፍራ ከማዛወር በቀር እንደማያጠፋው ያመለከተው ይህን የመሰለውን ነገር በአውሮፓ ከተሞች አይቶ ነበር።

በአንጻሩ የቪየና ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1919 እስከ 1934 ባሉት ዓመታት ሌላ መንገድ ሞክራለች። የቤት ግብር ጥላ፣ በይበልጥም ከባለጸጋው ሰብስባ፣ ከ60 ሺህ በላይ መኖሪያዎችን ለሠራተኛው ገነባች። እ.ኤ.አ. በ1930 የተመረቀው ካርል ማርክስ ሆፍ ብቻ ከ1,300 በላይ ቤቶች አሉት፤ የሕንፃው ውበት ግን ከቁጥሩ ይልቅ በአሠራሩ ነው። አብዛኛው ቦታ ለአትክልትና ለልጆች መጫወቻ ተትቶ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የሕፃናት ማቆያና ቤተ መጻሕፍት አብረው ተሠሩ። ቤትና ደጅ በአንድ እጅ ተነደፉ። ነዋሪው መናፈሻ ለማየት ከሰፈሩ አልወጣም፤ መናፈሻ ስለ ተሠራም ከሰፈሩ አልተባረረም።

በአዲስ አበባም ቢሆን ምሳሌ አልጠፋም። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ወይዘሮ ጀምበር ተፈራ በመሩት የተቀናጀ የመንደር ማሻሻል ሥራ ነዋሪው ከቦታው ሳይነቀል ቤቶች ተጠግነዋል፤ መጸዳጃ፣ የጋራ ማድ ቤትና የእግር መንገድ ተሠርቷል፤ ጤናና ትምህርትም አብረው ታስበዋል። የሥራው ቁም ነገር ከሲሚንቶው ይልቅ የሰፈሩ ሰው ራሱ በዕቅዱ መሳተፉ ነው።

የተቃውሞው ክብደት

ከዚህ ተቃራኒ የሆነው ክርክር ቀላል አይደለምና በቅን ልቡና መታየት ይገባዋል። የመጀመሪያው ክርክር ድኽነትን አታስውቡ የሚል ነው። የሚያፈስስ ጣራና የሚሸት ወንዝ ባህል አይደለም፤ «ማኅበራዊ ትስስር» እያሉ ሕፃን በቆሻሻ ውሃ ዳር እንዲያድግ መፍረድ የሩቅ ተመልካች ቅንጦት ነው። ይህ እውነት ነው። ሰፈሩ እንዳለ ይቆይ የሚል ሰው አንድ ሌሊት በዚያ ጣራ ሥር በክረምት ቢያድር ሐሳቡን ይለውጣል።

ሁለተኛው ክርክር የሂሳብ ነው። የመሀል ከተማ መሬት ውድ ነው፤ ቦታው በሊዝ ተላልፎ በሚገኘው ገንዘብ በዳርቻው ብዙ እጥፍ ቤት መሥራት ይቻላል። በ2001 ዓ.ም. አካባቢ በልደታ የተጀመረው፣ በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. መግቢያ በካዛንቺስ በኮሪደር ልማት የቀጠለው መልሶ ማልማት በከፊል በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ የሚደገፍ ነው። ቁጥሩን ብቻ ለተመለከተ ክርክሩ ያሳምናል። ነገር ግን በዚህ ሂሳብ ውስጥ ያልገቡ ወጪዎች አሉ። የሸማኔው የጠፋ ደንበኛ፣ የልጁ የተቋረጠ ትምህርት፣ በመጓጓዣ የሚባክነው ሰዓት፣ የፈረሰው እድር በማንም መዝገብ አይጻፉም። ያልተጻፉት ግን ስለማይከፈሉ አይደለም፤ የሚከፍላቸው ዝም የሚለው ሰው ስለሆነ ነው። ትክክለኛ ሂሳብ ደግሞ የዝምተኛውንም ወጪ የሚጽፍ ነው።

እንግዲህ ሁሉም ሰው ባለበት ይቆይ ማለት ነውን? እንዲህ ማለትም አይቻልም። ጠባብ በሆነ ቦታ ወንዙን ለማጽዳት፣ መንገድ ለማውጣት፣ መናፈሻ ለመትከል አንዳንዱ ቤት መነሣቱ አይቀርም። ከወንዙ አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ጎጆ ነዋሪው ራሱ እንዲነሣለት የሚጸልይበት ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ በአነሣሡ ላይ ነው። አስቀድሞ የተጠየቀ፣ ምርጫ የቀረበለት፣ ከጎረቤቱ ጋር የተነሣ፣ ከመድረሱ በፊት ትምህርት ቤቱና የሥራ ቦታው የተዘጋጀለት ሰው ተዛወረ ይባላል። በአጭር ቀን ማስታወቂያ፣ ወደማያውቀው ስፍራ፣ ለብቻው የሄደ ሰው ግን ተነቀለ። ችግኝም ቢሆን ከነአፈሩ ካልተነሣ አይጸድቅም።

የመታደስ መለኪያ

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ሦስት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። አንድ ሰፈር ታደሰ ሲባል በመጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «ማን ቀረ?» የሚለው ነው። ሰፈሩን ሰፈር ያደረጉት ሰዎች፣ ቢያንስ መቅረት የፈለጉት፣ በታደሰው ሰፈር ውስጥ ካልተገኙ የተሠራው አዲስ ሰፈር ነው፤ የታደሰ አይደለም። ሁለተኛው «ማን ይገባል?» የሚለው ነው። መናፈሻው ለቅዳሜ ጎብኚ ብቻ ሳይሆን በአጠገቡ ላለችው እናት የዕለት ደጅ መሆኑ ይታያል። ሦስተኛው «ማን ወሰነ?» የሚለው ነው። በሰፈሩ ካርታ ላይ መስመር ሲሰመር የሰፈሩ ሰው በጠረጴዛው ዙሪያ ነበረ ወይስ መስመሩ ካለቀ በኋላ ተጠራ?

እነዚህን ጥያቄዎች ለጉለሌ ብናቀርብ ሥራው ምን ሊመስል እንደሚችል ለማየት አያዳግትም። ምድር ቤቱ ለሸማኔው ጉድጓድ የተተወ፣ ከላዩ መኖሪያ የሆነ፣ ከሦስትና ከአራት ፎቅ ያልበለጠ ሕንፃ በሽሮ ሜዳ ይታሰባል። በቀጨኔ ጭሱ ሰፈሩን የማይጎዳ የጋራ የሸክላ መተኮሻ ከመሸጫው ጋር ይሠራል። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕቅድ ለማጠቢያ፣ ለምግብ ማብሰያና ለዕርድ የጋራ ቤት እስከ መስጠት ካሰበ፣ ለሙያተኛ የጋራ መሥሪያ ማሰብ እንግዳ ነገር አይሆንም። የቀጨኔ ወንዝ ዳር ሲጸዳ መንገዱ ከፓርኩ በር ብቻ ሳይሆን ከሰፈሩ መንደር ለመንደር መግቢያ ይጀምራል። ዛፍ የሚተክሉና የሚንከባከቡ እጆችም ትናንት ዛፉን ይሸከሙ የነበሩት እጆች ይሆናሉ፤ ተራራውን ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቀው የለምና።

አዲስ አበባ በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ እንዲኖር በተነደፈ ፕላን እንድትከፈል ተፈርዶባት ነበር። ያ ፕላን ከወራሪው ጋር ወድቋል። በቀለም የተከለከለው መለያየት በገንዘብ ተመልሶ እንዳይመጣ መጠበቅ ግን የየትውልዱ ሥራ ነው። አንድ ሸማኔ ልጁን ይዞ ከሥራ በኋላ ወደ እንጦጦ ዛፎች ጥላ ቢወጣ፣ ማንም ሳይጠይቀው ተቀምጦ ወደ ታች ሽሮ ሜዳን ቢያይና «ቤታችን ያውላት» ብሎ ሊያሳየው ከቻለ ጉለሌ ታድሷል ለማለት ይቻላል። ተራራው አምሮ ቤቱ ግን በዚያ ከሌለ፣ ያማረው ዕይታው እንጂ ከተማው አይደለም።